ባሻ ሣጥን እስኪለምድ

ጅጅጋ፣ መጋቢት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለየጌታሁን፤

በስልክ ስናወራ ሰላምታው ሳያልቅ ስለምንጣላና አንዳችን ሌላው ጆሮ ላይ ስለምንዘጋ፣ ደብዳቤ ይሻላል ብዬ ነው። ወረቀት ቢያንስ አይጮኽም። ለሚኒባሱ ሾፌር ሰጥቼዋለሁ፤ ደገሀቡር መናኸሪያ ወርደህ ተቀበለው። ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ። እኔ አልታመምኩም፤ ደህና ነኝ ማለት ግን አልችልም።

የጠየቅኸኝን ልመልስልህ። ውሻህ አልገባም። የሚገባም አይመስለኝም።

ሣጥኑን በላክኸው ልክ ብየዳ ቤት አሠርቻለሁ፤ በፌሮና በሽቦ፣ በሩ መቀርቀሪያ ያለው። የብየዳው ሰውዬ የዶሮ መስሎት ስንት ዶሮ እንዳለኝ ጠየቀኝ፣ ሒሳቡን ከፍዬው ወጣሁ። ውሻህ ዞር ዞር ብሎ አሸተተው፣ እግሩን አነሣና ሸናበት። ከዚያ በሩ ሥር ተጋድሞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

የጌታሁን፣ እኔ ውሻ ያለበት ቤት ውኃ የማልጠጣ ሰው እንደሆንኩ ታውቃለህ። ሐርተሼክ ስታስተምር ከሜዳ ያነሣኸውን፣ ጥርሱ የወየበ፣ ጆሮው መዥገር የጠገበ ትልቅ ውሻ፣ ደገሀቡር ስትዛወር እኔ ላይ ጥለኸው ሄድክ። ለጥቂት ቀን ነው አልከኝ፤ ይኸው ጥምቀትም አለፈ፣ ጾምም ገባ። አከራይህ ውሻ በግቢያቸው ልቅ ሆኖ አላይም ማለታቸው አልገረመኝም፣ እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው። ቀን ቀን ሣጥን ውስጥ ከዋለ እሺ ካሉህ፣ የአይሱዙ ሾፌሩም ሣጥን ውስጥ ካልሆነ ከእህል ጋር አልጭንም ካለ፣ እንግዲያው ይልመድና ይሂድልኝ።

በምግብ አባብለሽ አስገቢው ስላልከኝ ዛሬ ሽሮ በእንጀራ ፈትፍቼ ሣጥኑ ውስጥ አኖርኩለት። እሱም ገላውን ከውጭ ትቶ አንገቱን ብቻ አስረዝሞ ላሰው። ከዚያ ሄዶ ሰሌኑ ላይ አስመለሰው። ከዚያ ደግሞ፣ ይህን የምነግርህ ብቻዬን ከምቀፍ አንተም ድርሻህን እንድትወስድ ነው፣ ተመልሶ በላው። ቀኑን ሙሉ እህል ማየት አቅቶኝ ዋልኩ።

ስሙስ ቢሆን? አያታችን ከጦሩ ጋር እዚህ አገር መጥተው በስተርጅና ያገኟትን የባሻነት ማዕረግ ለውሻ ትሰጣለህ? በሩ ላይ ቆሜ «ባሻ፣ ውጣ!» ስል አፅማቸው የሚታዘበኝ ይመስለኛል።

አሁን ዋናውን ስማኝ። ግንቦት 21 የማርያም ጽዋ እኔ ቤት ነው። እማማ ካረፈች ወዲህ ጽዋው ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ብቻዋን የምትኖር ሴት ድግስ አይሆንላትም እያሉ ሲያልፉኝ ኖረው፣ ዘንድሮ ነው ተራ የሰጡኝ። ውሻ የሚያድርበት ቤት ጽዋ እንደማይገባ ለአንተ አልነግርህም። ባሻ ከዚያ በፊት ካልወጣልኝ፣ ቤቱም ታጥቦ ጸበል ካልተረጨ፣ ጽዋው ይቀርብኛል። ሌላ ጭንቀት የለኝም፣ ጭንቀቴ ይኸው ነው።

እህትህ ወለተሐና


ደገሀቡር፣ መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ወለተሐና፤

ጾሙ እንዴት ይዞሻል? ደብዳቤሽን ተማሪዎቼ ፈተና ሲሠሩ ክፍል ውስጥ አነበብኩትና ሳቄ አመለጠኝ። ፈተና ላይ ማውራት ክልክል ነው ብዬ ስቆጣ የነበርኩት ሰውዬ ተዋረድኩ። ባስመለሰው አይደለም የሳቅኩት። እሺ፣ ባስመለሰውም ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።

በሾፌሩ አፍ የላክሽውን ጥያቄ ሰምቻለሁ። አይሆንም እትዬ፣ በመጥረጊያ እየገፋሽ አታስገቢው። በሩንም ቶሎ አትዝጊበት። ትልቅ ውሻ ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ ሜዳ ላይ የኖረ ነው፣ አንድ ቀን በግድ የገባበትን ሣጥን ዳግመኛ አያምነውም። ወዶ ይግባ፣ ወዶ ይውጣ። ስትቆጪው ደግሞ ወደ ሣጥኑ አትላኪው፤ ቅጣት ከመሰለው አለቀልን። አንድ ቃል ምረጪና ሁልጊዜ እሷን ብቻ በይው። ያረጀ ልብስሽን ከታች አንጥፊለት፣ ጠረንሽን ሲያገኝ ይረጋጋል።

ሌላው ነገር እንደሚያስቆጣሽ እያወቅሁ ነው የምጽፈው። ሣጥኑ ጓሮ ከሆነ አይሠራም። ሰው በሚውልበት ክፍል መሆን አለበት፣ አንቺ ቤት ደግሞ ያ ሳሎኑ ነው። የእመቤታችን ሥዕል ያለበት ክፍል መሆኑን አውቃለሁ። ሥዕሏ ላይ መጋረጃ አለ፣ እሱን ጋርጂው። ለጥቂት ጊዜ ነው።

ሽሮውንም ተይው። ያደገው ሐርተሼክ ነው፣ ከግመል ሥጋ በቀር ጉቦ የሚሆንለት ነገር የለም። ጥፍር የምታህል ቁራጭ እየወረወርሽ አስለምጂው። በሁዳዴ ይህን ስለምጠይቅሽ በጣም አፍራለሁ። ግን ለግንቦት እንዲደርስልሽ ከፈለግሽ መንገዱ ይኸው ነው።

ታናሽ ወንድምሽ የጌታሁን


ጅጅጋ፣ መጋቢት 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለየጌታሁን፤

ሰላምታውን አንተው ሙላበት፣ እጄ የግመል ጮማ ይሸታል። በሎሚ አጠብኩት፣ በአመድ አጠብኩት፣ በኦሞ አጠብኩት። ቅዳሴ ላይ እጄን ስዘረጋ ራሴ ለራሴ ሸተትኩ።

አዎ፣ ገዛሁ። የእኛ ሥጋ ቤቶች ለጾሙ ተዘግተዋል። ዘንድሮ የእኛም ጾም የእነሱም ጾም በአንድ ቀን ስለገባ ከተማው ቀን ቀን ሥጋ አያይም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ለማፍጠሪያ የሚከፍተው ከእኛ መንደር አብዲራህማን ነው። ከእሱ ደጃፍ ላይ ቆሜ አላውቅም፣ ሁልጊዜ መንገድ ተሻግሬ ነው የማልፈው። የግመል ጭን ከነሰኮናው ተሰቅሏል፣ ዝንቡ ከጭኑ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ጭኑ ይመላለሳል። ነጠላዬን ወደ አፍንጫዬ ልወስድ ስል አብዲራህማን ቀና ብሎ አየኝና እጄን መለስኩት።

«ለማን ነው፣ አባዮ?» አለኝ፤ እህቴ ማለቱ ነው።

እንግዲህ ለውሻ ነው ልበለው? አብዲራህማን እኮ ነው። አብያተ ክርስቲያናት በተቃጠሉበት በዚያ ክፉ የሐምሌ መጨረሻ፣ ማንም እንዳይነካን ወንበር አውጥቶ በራችን ላይ የተቀመጠው ሰውዬ። ጾሙን ይዞ፣ እጁን ታጥቦ፣ የአምላኩን ስም ጠርቶ ያረደውን ሥጋ፣ እነሱ ሲነካቸው ሰባት ጊዜ ለሚታጠቡለት ፍጥረት ነው ልበለው? «ለራሴ ነው» አልኩት።

ፊቱ እንዴት እንደበራ ባየህ። መርጦ ቆረጠልኝ፣ ከላዩ ነጭ የሻኛ ስብ ጨመረልኝ፣ ለጉልበትሽ ጥሩ ነው አለኝ። ከጎኔ ለቆሙት ሁሉ በሶማሊኛ ሲያወራ ከመሃሉ የገባኝ «ሂሊብ ጌል»፣ የግመል ሥጋ፣ የምትለዋ ብቻ ነች። አንዲት አሮጊት ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ዘመድ የሆንኩ ይመስል። እኔ ደግሞ አንገቴን ደፍቼ ፌስታሉን ይዤ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ፣ የባጃጁ ሾፌር እስኪያውቅብኝ ድረስ ሸተትኩ።

ለአንተ ደስ የሚልህን ደግሞ ልንገርህ። ባሻ የፊት እግሮቹንና ደረቱን አስገባ። ለሃጩ ከአፉ እስከ ወለሉ እንደ ክር ተንጠልጥሎ ነበር። ሥጋውን የምወረውረው ፊቴን አዙሬ ነው። «ግባ» እለዋለሁ፣ ቃሌ ይህቺ ነች። የበላውን በልቶ እጄን ሊልሰኝ መጣ፣ ጮኽኩበት። አትቆጪው ማለትህ ትዝ ያለኝ ከጮኽኩ በኋላ ነው።

ማቀዝቀዣዬ ውስጥ የጾም አልጫዬ ከላይ፣ የግመል ሻኛ ከታች ተቀምጠዋል። እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ የከተትከኝ አንተ ነህ።

ወለተሐና


ጅጅጋ፣ መጋቢት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለየጌታሁን፤

ጽዋውን ተቀበልሽ ወይ ብለህ ነበር። አልተቀበልኩም።

ትናንት ማኅበሩ ጎረቤታችን ወይዘሮ አገሬ ቤት ነበር። የሚያዝያው ሕማማት ላይ ስለሚውል ታልፎ፣ የሚቀጥለው የእኔው ነው። ጸሎቱ አልቆ ተረኛ ሲባል ነጠላዬን አጣፍቼ ተነሣሁ። አገሬ ጽዋውን አቅፋ «እኔ ጋ ይቆይ፣ ለግንቦት ራሴ ይዤልሽ እመጣለሁ» አለች። ድምፅዋ ማር ነው። ስንት ዓመት የኖረ ልማድ ነው፣ ተረኛው በእጁ ተቀብሎ ይዞ ይሄዳል። ሁሉም እንጀራቸው ላይ አቀረቀሩ።

ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ ላለመብላት ሆዴን አሞኛል አለች። ወዲያው ከሌላ ትሪ ስትበላ አየኋት። ምን እንደሆነ አልገባኝም። ውሻው ልብሴ ላይ ሸትቶ ይሆን ብዬ ቤት ገብቼ ልብሴን ሁሉ ዘፈዘፍኩት።

ያንተ ባሻ ደህና ነው። ሙሉ በሙሉ ገብቶ፣ ዞሮ፣ ይወጣል። ሲዞር ጭራው ሽቦው ላይ የሚያሰማው ድምፅ ያሳብደኛል። አሮጌ ሹራቤን አንጥፌለታለሁ፤ ከእንግዲህ የእኔ አይደለም፣ እሳት ይብላው።

ወለተሐና


ደገሀቡር፣ መጋቢት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ በዚህኛው አልሳቅኩም።

እትዬ፣ የሸተታቸው ውሻው አይደለም። እኔ ከዚህ ሆኜ የገባኝ አንቺ እንዴት እንዳልገባሽ አላውቅም። በሁዳዴ፣ በአደባባይ፣ ለራሴ ነው ብለሽ የግመል ሥጋ ገዝተሻል። አብዲራህማን ደግሞ የምሥራች ደብቆ አያውቅም። ከአብዲራህማን ደጃፍ እስከ አገሬ በር ስንት እርምጃ ነው?

መፍትሔው ቀላል ነው። ለውሻ ነው በያቸው። ሣጥኑን አሳዪያቸው፣ ባሻን አሳዪያቸው፣ ይስቁና ያልፋል። ከባድ መስሎ ከታየሽ እኔ ለአገሬ ልደውልላት እችላለሁ።

የባሻን ነገር በትክክል እየሠራሽው ነው። አሁን ገብቶ ሲበላ በሩን ቀስ ብለሽ ገጠም፣ ወዲያው ከፈት አድርጊ። ሳያለቅስ ክፈቺ፤ አልቅሶ ከከፈትሽለት ማልቀስ እንደሚያስከፍት ይማራል። አንሶላ ጣል አድርጊበት፣ ጨለማ ሲሆን ይተኛል። ስላስቸገርኩሽ ነገር ሁሉ ይቅርታ ማለት ከጀመርኩ ወረቀቱ ስለማይበቃኝ ነው የማልጽፈው።

የጌታሁን


ጅጅጋ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለየጌታሁን፤

ለአገሬ ብትደውል እህት አለኝ አትበል። ይህን አስቀድሜ ልበልህ።

ያልከው ልክ ነበር። መምሬ ኃይለጊዮርጊስ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጥላው ጠሩኝ። የንስሐ አባቴ ናቸው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል፣ መሬት መሬት እያዩ ጠየቁኝ። ግመል በልታለች ብቻ አይደለም የተባለው። ሰልማለች፣ ከሥጋ ሻጩ ጋር ኒካህ ልታስር ነው፣ ኢዱን እነሱ ቤት ዋለች ተብሏል። ኢዱን የዋልኩት መዥገር ስለቅም ነው።

መምሬን «ከንፈሬ አልነካውም» አልኳቸው። «እንግዲያው ለማን ነው ልጄ?» አሉኝ። ይሄኔ ነው አጣብቂኝ ውስጥ መግባቴ የታወቀኝ። ለውሻ ነው ካልኩ ውሻው የት ነው ይሉኛል። ሳሎን፣ በእመቤታችን ሥዕል ሥር፣ በሹራቤ ላይ ተኝቷል ልበላቸው? አንተ ይስቁና ያልፋል ትላለህ። ግመል በላች የተባለች ሴት ንስሐ ገብታ ትነጻለች፤ ውሻ ታቅፋ የምታድር ሴት የሠራችውን ወጥ ማን ይቀምሳል? እኔ ራሴ አልቀምስም። ስለዚህ ዝም አልኩ። መምሬ ዝምታዬን እንደ ምን እንደቆጠሩት አላውቅም። ግንቦት 21 እመጣለሁ ብለዋል።

ስለዚህ ያለኝ መንገድ አንድ ነው። ባሻ ቶሎ ይሂድልኝ። ሥጋውን ማቆም፣ ቤቱን ማጠብ፣ በዓሉን አሳምሬ መደገስ፤ ሲበሉ ይረሱታል። ሥጋውን ግን ባሻ እስኪሄድ ማቆም አልችልም። እዚያው ደጃፍ ሄጄ እቆማለሁ፣ አብዲራህማን በክብር ይቆርጥልኛል፣ መንገድ ማዶ የሚያልፉት የእኛ ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። ድሮ እኔ የማደርገውን።

የሚገርምህ፣ ግመሉ አሁን ያን ያህል አይቀፈኝም። ሴቶቹ ናቸው የሚቀፉኝ። አገሬ ሰላም ስትለኝ ጉንጭዋን አርቃ በአየር ላይ ትስመኛለች። ከዚያ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። አንጀቴ ድረስ አስጠላችኝ።

የውሻህን ነገር ጠይቀሃል። በሩን ዘግቼ ዱቄት እስካቦካ ድረስ ዝም ብሎ ይቆያል። አንሶላውን ስጥልበት ይተነፍስና ይተኛል። ያንኮራፋል። እንደሚያንኮራፋ ለምን አልነገርከኝም?

ወለተሐና


ጅጅጋ፣ ግንቦት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

የጌታሁን፤ ይህን ደብዳቤ ከባሻ ጋር ልኬልሃለሁ።

«ግባ» ስለው ገባ። ሥጋ አልወረወርኩለትም፣ አልቆብኝ ነበር። ሣጥኑን ሲጭኑት አልጮኸም። የአይሱዙ ሾፌሩ «ሞቷል እንዴ?» ብሎ አንሶላውን ገልጦ አየው።

እኔ አሁን ወለል እየፈገፈግሁ ነው። ነገ ጸበል ይረጭልኛል። ሰሌኑን አቃጥዬዋለሁ። ቤቱ አሁንም እሱን እሱን ይላል፣ ጥጉ በተለይ። ትንሽ ቀን ሲቆይ ይለቃል።

መቀርቀሪያውን ወደ ላይ ስበህ ነው የሚከፈተው።

ወ.


ደገሀቡር፣ ግንቦት 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ወለተሐና፤

እንኳን ለበዓሉ በሰላም አደረሰሽ፣ ደብዳቤው ቀድሞ ከደረሰ። ባሻ በሰላም ገብቷል። አከራዬ ሣጥኑን አይተው ማሻአላህ ብለዋል። ችግሩ አንድ ነው፣ አይወጣም። በሩን ከፍቼ ስሙን ብጠራው፣ ሥጋ ባሳየው፣ ሹራብሽ ላይ አገጩን አድርጎ ያየኛል። እኔን የረሳኝ ይመስለኛል። እንዴት አድርገሽ ነው የምታስወጪው? እስካሁን አንቺን ሳስተምር ኖሬ አሁን እኔ ልጠይቅ መጣሁ።

አሁን ልነግርሽ የፈራሁትን ልንገርሽ። ለአገሬ አልደወልኩም፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ለአብዲራህማን ግን ደወልኩለት። ሐሜቱን ከሥሩ ልንቀለው፣ ሥጋው የውሻዬ እንደነበር በወንድ ቋንቋ ልነግረው ነበር። ስልኩን ሲያነሣ ገና ስሜን ሳልጨርስ ስላንቺ ጀመረ። ከእናንተ ሰዎች የእኛን ሥጋ ሳትጸየፍ የበላች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ነች፣ እናቴ ሳትቀር ስሟን ታነሣለች አለኝ። እኔም እንዳንቺው ዋሸሁ እትዬ። ሥጋው በጣም ጥሩ ነው እያለች ነው፣ ታመሰግንሃለች አልኩት።

ከዚያ በዓሏ መቼ ነው አለኝ። ነገርኩት። ምንም ክፋት አልታየኝም ነበር፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ልቤ ያልተመቸው። እስቲ እግዚአብሔር ይሁነን።

የጌታሁን


ጅጅጋ፣ ግንቦት 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለየጌታሁን፤

ደብዳቤህ የደረሰኝ ከበዓሉ በኋላ ዕቃ ሳጥብ ነው። ሾፌሩ ዘገየሁ ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ቀድሞ ቢደርስ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም።

በዓሉ እንዴት ነበር ብለህ በመልእክት የጠየቅኸኝን ትናንት ያልመለስኩልህ እጄ ስላልታዘዘልኝ ነው። ዛሬ ይሻላል።

ሁሉም መጥተው ነበር። ረቡዕ ቢሆንም በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ፍስክ ነው፤ ዶሮው፣ ዳቦው፣ ጠላው ደርሷል። አገሬ ጽዋውን በሻሽ ጠቅልላ ይዛ ገባች። ጥግ ጥጉን አየች፣ አንድም ነገር አላገኘችም፣ ቤቱ እንደ መስተዋት ነበር። መምሬ ጸሎት አድርሰው ዳቦው ሊቆረስ ሲል በሩ ተንኳኳ።

አብዲራህማን ነበር። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ ኮፍያውን አጥልቋል። ሁለት እጁ ላይ ነጭ ጨርቅ የተከደነ ሳፋ አለ። ከደጃፉ አልዘለለም፣ ቤታችን ጸሎት ላይ መሆኑን አይቶ ጫማውን እንኳ አወለቀ። «አባዮ፣ ለማርያምሽ ነው። ከራሴ ግመል ነው፣ ዛሬ ጠዋት ያረድኩት» አለኝ። ጨርቁን ገለጠው። ሻኛው ከላይ ነበር፣ ገና ሙቀቱ አልወጣለትም።

አገሬ ከወንበሯ ሳትነሣ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ጠየቀች። «ወለተሐና፣ ይሄ ሥጋ የማን ነው?»

ለውሻ ነው ልል አፌን ከፍቼ ነበር የጌታሁን። ውሻው ሄዷል፣ ቤቱ ነጽቷል፣ ምን ይጎዳኛል? መምሬ በዓይናቸው ተናገሪ ይሉኛል። አብዲራህማን ግን እዚያው ነው የቆመው፣ አማርኛ ከሁላችንም ይበልጥ የሚሰማ ሰው። ሳፋው ከብዶታል፣ ፈገግታው ግን አልቀነሰም። ሴቶቹን አየሁ። ነጠላ ሁሉ አፍንጫ ላይ ወጥቷል፣ አንዷ ትፋቷን በመሐረብ ትቀበላለች። በገዛ ቤቴ፣ የእኔን ዳቦ ፊታቸው አስቀምጠው። ያ ውሻ ያስመለሰውን መልሶ ሲበላ ሳየው እንኳ እንደዚያ አልዘገነነኝም።

«የኔ ነው» አልኩ። ሳፋውን በሁለት እጄ ተቀበልኩት፣ እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። እንዲቀመጥ ብለምነው ሱቄን ጥዬ ነው የመጣሁት ብሎ ሴቶቹን ሁሉ በአክብሮት ሰላም ብሎ ወጣ። አንዷም አልመለሰችለትም። እሱ እንዳላስተዋለ ተስፋ አደርጋለሁ።

አገሬ ጽዋውን መልሳ በሻሹ ጠቀለለችው። ከዚያ አንድ በአንድ ተነሡ። ዶሮውን የነካ የለም። መምሬ መጨረሻ ላይ ቀሩ፣ ዳቦዬን ባርከው ቆረሱና ቀመሱልኝ፣ ብቻቸውን። ምንም አልጠየቁኝም። ቀስ ብለው፣ ጽዋው ወደ አንቺ ቤት ይመለሳል ብዬ ልዋሽሽ አልችልም ልጄ አሉኝ። አውቃለሁ አልኳቸው።

ከሄዱ በኋላ አለቀስኩ፤ አልደብቅህም። እማማ የምታስቀምጥበት ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፌ ነበር፣ ጽዋው አንድ ጊዜም አላረፈበትም። ከዚያ ለቅሶዬ ቆሞ ንዴት መጣ፣ ከንዴቱ በኋላ ደግሞ ጥላቻ አይሉት መጸየፍ፣ እስካሁን አልለቀቀኝም። አገሬን መንገድ ላይ ሳያት ተሻግሬ አልፋለሁ።

ሥጋውን በበረዶ አድርጌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአይሱዙ ልኬዋለሁ። ለባሻ እየቆራረጥክ ስጠው። አይወጣም ላልከኝ ደግሞ፣ አትጥራው፣ ሥጋም አታሳየው። በሩን ክፈትና ጀርባህን ሰጥተህ ሥራህን ሥራ። እኔ እንደዚያ ነበር የማደርገው፤ ፊቱን ማየት ስለሚቀፈኝ።

ዛሬ ጠዋት ቢሮ ስሄድ በአብዲራህማን ደጃፍ አለፍኩ። ቢላዋውን አስቀምጦ ወጣና እንግዶቹ ወደዱት ወይ አለኝ። ሁሉም በሉ አልኩት፤ የተረፈውንም ጠቅልለው ወሰዱ አልኩት። እንደ ልጅ ደስ አለው። ለከርሞው በዓልሽ አንድ ሙሉ ግመል አርድልሻለሁ፣ ሰዎቹን ሁሉ ጥሪያቸው አለኝ።

እሺ አልኩት።

እህትህ ወለተሐና